ጆሮዬ ሲጮህ ሰው ያነሳኝ መስሎኝ

በሽታዬን መጀመሪያ ያየሁት በሱሪዬ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ጎንደር፣ አዲስ ዓለም፣ አንዲት የስፌት ማኪና ይዤ አርባ ዓመት ያህል ተቀምጫለሁ። የጥምቀት ሰሞን ለእኛ ለሰፊዎች ፋታ የሚባል ነገር የለም። በዚያ ጥድፊያ መሀል ሱሪዬ እየወረደ ቢያስቸግረኝ ወገቡን አጠበብኩት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ደግሜ አጠበብኩት። የሌላ ሰው ሱሪ ቢሆን ኖሮ «ምነው፣ አመምዎት እንዴ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። የራሴ ሲሆን ዝም ብዬ ሰፋሁ። ሳሉንም የጨርቅ ብናኝ ነው አልኩት።

የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ይህን የምጽፈው ጸሐፊ ሆኜ አይደለም። መጻፍ የተማርኩበት ምክንያት ከበሽታው ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ እናንተም ያው በሽታ ይዟችሁ ይሆናልና፣ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ልጄ ዘይነባ እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። አክታ ሰጠሁ። ቲቢ ነው ተባልኩ። ስድስት ወር ኪኒን ውጠህ ትድናለህ ተባልኩ። ሁለት ወር ዋጥኩ። ሳሉ ባሰ። ወደ ሆስፒታል ላኩኝ፣ አክታዬን ጂን ኤክስፐርት በሚሉት ማሽን መረመሩት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አፉን በጭምብል ሸፍኗል። ዓይኑን ብቻ ነው የማየው።

«አባቴ፣ የእርስዎ ቲቢ ዋና ዋናዎቹን መድኃኒቶች ለምዷቸዋል። ኤም ዲ አር ይባላል። ሌላ ሕክምና አለው። ሃያ ወር ነው።»

«ሃያ ቀን?» አልኩ።

«ሃያ ወር። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት መርፌም አለው። ከእሑድ በቀር በየቀኑ።»

ሰኔ ላይ ተጀመረ። መርፌው ካናማይሲን ይባላል። ኪኒኑ ብዙ ነው፤ ሳይክሎሰሪን የሚባለው ራስ ያዞራል፣ ሌላው ያስመልሳል። ጥቂት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። መርፌውን ሠፈር ካለው ጤና ጣቢያ እየሄድኩ እወጋለሁ። ቤት ውስጥ ለብቻዬ አንድ ክፍል ያዝኩ። መስኮቱ አይዘጋም። ኩባያዬ ለብቻ። ደንበኞቼ ያልተሰፋ ጨርቃቸውን በዘይነባ በኩል አስመለሱ። አልፈርድባቸውም። እኔም ብሆን አስመልስ ነበር።

ሆስፒታል ሳለሁ ስንታየሁ የምትባል የፀዳ ከተማ አስተማሪ በዚያው በሽታ ተኝታ ነበር። እሷ ናት ስልክ ላይ ግሩፕ የከፈተችልን። ስሙን «ከቤት የማንወጣ» አለችው። ስድስት ነበርን። እርስ በርሳችን ሁላችንም አንተዋወቅም፤ አንዱ አንዱን ያመጣ ነበር። መጻፍ ለማንችለው ድምፅ መቅጃ አለው። ተጭኖ መናገር ነው፣ ሲለቁት ይሄዳል። ዘይነባ አንድ ቀን አሳየችኝ፣ በቃ ለመድኩት።

ወሬያችን ሁሉ ማስመለስና ማዞር ሲሆን ስንታየሁ ሰለቻት። «እንደ ራዲዮ ጋዜጠኛ ቃለ መጠይቅ እንደራረግ» አለች። «እሑድ መርፌ የለም። በየእሑዱ ሁለት ሰው ይውጣ። አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይመልስ። ስለ ኪኒን ማውራት ክልክል ነው።» ዕጣ አወጣች። ለእኔ የደረሱኝ መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው፣ የዜማ መምህር። ዓይቻቸው አላውቅም። ድምፃቸው ግን ወፍራም፣ ከደረት የሚወጣ፣ የታመመ ሰው ድምፅ የማይመስል ነበር።

«አያ ኑሩ፣ ሙያዎ ምንድን ነው?» አሉ ጠያቂ ሆነው።

«ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙስሊም ብሆንም የካህናት ቀሚስ እሰፋለሁ።»

«አገኘሁዎ! ይህን ቀሚሴን ጎንደር ነው ያሰፋሁት። ኪሱ እጅ አያስገባም። አንቱ ይሆናሉ ያጠበቡት!»

«የካህን ኪስ ሲሰፋ ደግ አይደለም ብዬ ነዋ።»

የስድስቱም ሳቅ አንድ በአንድ መጣ። ሳቃችን በሳል ያልቅ ነበር። ቢሆንም ሳቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ እኔና መሪጌታ ሆንን፤ ሌላው አዳማጭ ሆነ። ጥያቄው እየከበደ ሄደ። ሰው ለምን ይኖራል? ሞትን ትፈራለህ? መሪጌታ ሰው የተፈጠረው ፈጣሪውን ሊያመሰግን ነው ይላሉ፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። እኔ ደግሞ መጽሐፍ አላውቅም፤ የማውቀው ሰውን ነው። ሰው የሚኖረው የሚያነሳው ሰው እስካለ ድረስ ነው፣ የሞተም የሚሞተው ስሙን የሚያነሳ ሲጠፋ ነው አልኩ። «እንዲህማ ከሆነ፣ የሚያነሳው የሌለው ድሃ አልኖረም ማለት ነው?» ብለው ያዙኝ። «ሳምንት ይድረስ» አልኩ።

አሁን ስሕተቴን ልንገራችሁ።

በሦስተኛው ወር ገደማ ጆሮዬ መጮህ ጀመረ። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ጢ… ይላል። እናቴ፣ አላህ ይማራት፣ ጆሮ ሲጮህ ሰው ስምህን እያነሳ ነው ትል ነበር። በእኛ ቤት ጆሮው የጮኸ ሰው ዘመዶቹን በስም ይጠራል፤ ሲጠራ ዝም ካለለት ያ ሰው ነው ያነሳው። እኔም ስም ጠራሁ። ዘይነባ፣ አልቆመም። ስንታየሁ፣ አልቆመም። መሪጌታ ስል ጸጥ አለ።

እሑድ ነገርኳቸው። መሪጌታ ሳቁ።

«እውነት ነው! ሐሙስ ለባለቤቴ ስለ ኪሱ ስነግራት ነበር። የሚገርምዎት፣ የእኔም ሰሞኑን ይጮኻል። እንግዲያው አንቱ ነዎት የሚያነሱኝ።»

«በየቀኑ ነው የማነሳዎ» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታችን ይኸው ሆነ። «ጆሮዬ ጮኸ፣ አነሱኝ?» ይላሉ። «አነሳሁዎ» እላለሁ። ወዳጅነታችን በጆሯችን ይሰማን ነበር። አያችሁት? ሁለታችንም ያው መርፌ ነው የምንወጋው።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ መርፌውን ከመውጋቷ በፊት ትጠይቀኛለች። በየቀኑ፣ አንድ ቀን ሳትዘል። «ማዞር አለ? ማስመለስ? ጆሮዎ ደህና ነው?» «ደህና ነው» እላለሁ። አልዋሸሁም። ወዳጅ ስም ሲያነሳ ሕመም ነው እንዴ?

ነሐሴ ላይ አቶ ደሴ ሞተ። የኮላ ድባ ሰው ነው፣ እህል ነጋዴ። በግሩፑ ብዙ አያወራም ነበር። ስንታየሁ አንድ ጊዜ ለእሱም ተራ ይሰጠው ብላ በሚመጣው እሑድ የሚጠየቀው እሱ ነበር፤ ለጤፍ ጥቁር አፈር ይሻላል ወይስ ቀይ ብዬ ልጠይቀው አስቤ ነበር። ልጁ በአባቷ ስልክ ድምፅ ላከች። «አባዬ ዐረፈ» አለች። ያን እሑድ ቃለ መጠይቅ አልነበረም። እኔ ሱሪዬን ለሦስተኛ ጊዜ አጠበብኩ።

መስከረም አልፎ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ሳምንታት አለፉ። ግሩፑ ድዳ ሆነ። ጆሮዬ ግን ይጮኻል፤ አሁን ቀኑን ሙሉ ነው። «መሪጌታ ኔትወርክ የላቸውም፣ ግን ያነሱኛል» እያልኩ እጽናና ነበር። መንደሩን የሚሞሉት ወፎች ድምፃቸው ጠፋ። ሄደዋል አልኩ። ዘይነባ «አባ፣ ስልክህ ጠራ እኮ» ትለኛለች። ስልኩ ተበላሽቷል አልኩና ለጠጋኝ ላክሁት። ጠጋኙ ደህና ነው ብሎ መለሰው። አዛን እሰማለሁ፤ የሰው ንግግር እሰማለሁ። ስለዚህ ጆሮዬ ደህና ነው።

መሪጌታ ጋ በተለመደው የስልክ መስመር ደወልኩ። ይጠራል። አያነሱም። በማግሥቱም ደወልኩ። ይጠራል። አያነሱም። አቶ ደሴ ትዝ አለኝ። «ሞተው ቢሆን ጆሮዬ ባልጮኸ» እያልኩ ራሴን አረጋጋ ነበር።

ኢንተርኔቱ የተመለሰ ዕለት ከመሪጌታ አንድ መልእክት መጣ። ድምፅ አይደለም። ጽሑፍ ነው። በጣቴ ፊደሉን እየተከተልኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

«አያ ኑሩ፣ ድምፅ አይላኩልኝ። አልሰማም። ጆሯችን የጮኸው ከመርፌው ነው። የእርስዎን ዛሬውኑ ለሐኪም ይንገሩ።»

ተቀመጥኩ። ጆሮዬ ጮኸ። ማንም አላነሳኝም።

ያን ጊዜ የያዘኝን ጭንቀት አላሳምረውም። ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ያን ወሬ ለመሪጌታ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። የዜማ መምህር ናቸው፤ እንጀራቸውም ክብራቸውም በጆሯቸው ነው። እኔ በእናቴ ተረት ጆሯቸውን ደፈንኩት። ሁለተኛው፣ ለሐኪሙ ብናገር መርፌውን ያቆመዋል ብዬ ፈራሁ። አክታዬ ገና መንጻቱ ነበር። መርፌው ነው ሳንባህን ያዳነው ይለኛል ልቤ። ካቆሙት በሽታው ይመለሳል። እንደ አቶ ደሴ። ካላቆሙት እደነቁራለሁ። ጆሮ ወይስ ሳንባ?

አራት ቀን ዝም አልኩ። አራት ቀን መርፌ ተወጋሁ። አራት ቀን ነርሷ ጠየቀችኝ። አራት ቀን «ደህና ነው» አልኩ። አሁን ግን ውሸት ነበር።

በአምስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ለመሪጌታ መጻፍ ጀመርኩ። ጽፌ ስለማላውቅ ፊደል ፍለጋው ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ዘይነባ ልርዳህ ብትለኝ እምቢ አልኩ፤ ይህ በሰው እጅ የሚጻፍ አይደለም።

«መሪጌታ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጆሮዎን ያጠፋው የእኔ ወሬ ነው።»

መልሱ ሳይቆይ መጣ።

«እግዚአብሔር ይፍታዎ። ብቻዎን አይውሰዱት። እኔም ጥፋት አለብኝ። አንቱ ሰው ነው ሲሉ፣ እኔ በልቤ የቅዱሳን ማኅሌት ነው እያልኩ እኮራ ነበር። ደግሞ ዛሬ እሑድ ነው፤ ጠያቂው እኔ ነኝ። ሰው የተፈጠረው ሊያመሰግን ነው ብዬዎት ነበር። አሁን የገዛ ድምፄን አልሰማም። ተሳስቼ ነበር?»

ምን ብዬ ላጽናና? እኔ የማውቀው አንድ ሙያ ነው። ከሙያዬ ጻፍኩላቸው።

«መሪጌታ፣ እኔ አርባ ዓመት የካህናት ቀሚስ ሰፍቻለሁ። አንዱንም ለብሼ አላውቅም። ልብስ ለሚለብሰው ነው እንጂ ለሰፊው አይደለም። ምስጋናስ ለሚሰማው አይደለም እንዴ? እሱ ደግሞ መርፌ አይወጋም፤ ይሰማል።»

ነገር አበላሸሁ ብዬ ፈራሁ። በኋላ መልሳቸው መጣ።

«ሸጋ መለሱ፣ አያ ኑሩ። ሦስተኛ ክፍል ነኝ የሚሉት ውሸት ነው። እንግዲህ የራስዎን ይመልሱ። ሰው የሚኖረው ሲነሳ ነው አላሉም? ታዲያ ሲያነሱዎት ላይሰሙ ነው? ምነው ለሐኪሙ የማይነግሩት?»

«ማን ነው አልነገረም ያለዎት?»

«ነግረው ቢሆን አውፍ ይበሉኝ ከማለትዎ በፊት ይነግሩኝ ነበር።»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«መርፌውን ያቆሙታል። ሞቱን ፈራሁ።»

«እኔም እፈራለሁ። ካህን አይፈራም ያለዎት ማን ነው? እየፈሩ ይሂዱ።»

ሰኞ እየፈራሁ ሄድኩ። ነርሷ «ጆሮዎ ደህና ነው?» ስትል «አይደለም» አልኳት። መርፌውን አስቀመጠችው። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ላከችኝ።

«ስንት ጊዜ ሆነው?» አለ ሐኪሙ።

«ሁለት ወር አልፎታል።»

«በየቀኑ ይጠየቁ ነበር እኮ፣ አባቴ።»

«የምትጠይቁኝ ስለ በሽታ መስሎኝ ነዋ» አልኩት። የእናቴን ወሬ ነገርኩት። አልሳቀብኝም። ዓይኑን ዝቅ አደረገ፤ «የእኔም አያት እንዲሁ ነው የምትለው» አለ።

ኦዲዮሜትሪ የሚሉትን የጆሮ ምርመራ አደረጉልኝ። ጠባብ ክፍል ነው፤ ጆሮ ላይ ማዳመጫ ያደርጉልሃል፣ ድምፅ በሰማህ ቁጥር ቁልፍ ትጫናለህ። እኔ ከመጀመሪያው ጀምሬ እጫናለሁ፣ እጫናለሁ። መርማሪዋ ግራ ገባት። «የቱን ነው የምጫነው፣ የውጪውን ወይስ የውስጡን?» አልኳት። የውጪውን ስጠብቅ ብዙ ጊዜ ሳልጫን ቆየሁ።

ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ ተናገረ። «ቀጫጭኑ ድምፅ ሄዷል። የወፍ፣ የስልክ ጥሪ። የሄደው አይመለስም። የሰው ድምፅ ገና አለ። እሱን እናተርፋለን። ካናማይሲን ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።»

«ሳንባዬስ?»

«አክታዎ ነጽቷል። በምትኩ ሌላ ኪኒን እንጨምራለን፣ በየወሩ እንመረምራለን። ዋስትና አልሰጥዎትም። ግን ሁለቱንም ለማትረፍ እንሞክራለን። ጆሮ ወይስ ሳንባ ብለው ራስዎ መምረጥ አልነበረብዎትም፤ ያ የእኛ ሥራ ነው።»

ይህን ቃል ያዙልኝ። አራት ቀን ብቻዬን የታገልኩበትን ሸክም እሱ በአንድ ንግግር ወሰደው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት እንደ ረጅም ስፌት ናቸው፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ብዙ የማይነገርለት፣ ግን ካልጨረሱት ልብስ የማይሆን። በየወሩ አክታ እሰጣለሁ፣ በየወሩ ንጹሕ ነው ሲሉኝ አልሐምዱሊላህ ብዬ እወጣለሁ። ቀስ በቀስ ምግብ መቀመጥ ጀመረልኝ፤ አንድ ቀን ጠዋት ሱሪዬ ወገቤን ሲይዘኝ ምላጭ አንሥቼ ሦስቱንም የጠበበ ስፌት ተራ በተራ ፈታሁት፤ ዘይነባ በበሩ ቆማ እያየች «አባ፣ ሱሪ ስትፈታ ደስ ሲልህ ዛሬ ገና አየሁ» አለችኝ። ደንበኞቼም አንድ በአንድ መጡ። ስንታየሁም ድና ማስተማር ጀመረች። መሪጌታ ከእኔ አንድ ወር ቀድመው ጨረሱ፤ ሳንባቸው ዳነ፣ ጆሯቸው ግን እንደሄደ ቀረ።

ሃያ ወሩን የጨረስኩ ዕለት ሐኪሙ «ድነዋል፣ አባቴ» ሲለኝ ደግሞ እንዲልልኝ ለመንኩት። አልሰማኝም መስሎት ጮክ ብሎ ደገመው። ሰምቼ ነበር፤ ደግሜ መስማት ፈልጌ ነው።

በሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ አምባ ጊዮርጊስ ወረድኩ። አንድ አዲስ ቀሚስ ጠቅልዬ ይዣለሁ። በድምፅ እንጂ በመልክ የማላውቃቸው ሰው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው ነጭ፣ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ተቃቀፍን። ከዚያ መነጋገሪያ አጣን። እኔ ብናገር አይሰሙ፤ ምልክት አናውቅ። እሳቸውም የማይሰሙትን የገዛ ድምፃቸውን ማውጣት አይወዱምና ስልካቸውን አወጡ፤ እኔም አወጣሁ። አንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እርስ በርስ ስንጻጻፍ ባለቤታቸው ከጓዳ ወጥታ አየችን። «እዚህ ድረስ የመጡት ስልክ ሊነካኩ ነው?» ብላ ሳቀች።

ቀሚሱን ለበሱት። እጃቸውን ኪሱ ውስጥ አስገቡ። እስከ ክንዳቸው ገባ። አዩኝና ጻፉ፦ «አሁንስ ካህኑን ሊያስቱ ነው።»

«ለስልኩ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ማስተማር አልተዉም። ዲያቆናቱ ሲያዜሙ መዳፋቸውን በየዲያቆኑ ደረት ላይ አሳርፈው ሲያዳምጡ አየሁ፤ አንዱ ሲሳሳት ጀርባውን በጣታቸው መታ አደረጉት። በምን እንዳወቁ ጠየቅኋቸው። «አንቱ ጨርቅ በእጅ አይለዩም?» ብለው ጻፉልኝ።

ምስጋናዬ ለፈጣሪ ነው፤ ቀጥሎ ለዚያች ሳትሰለች በየቀኑ ለጠየቀችኝ ነርስ፣ ሸክሜን ለወሰደው ሐኪም፣ ለዘይነባ፣ ለስንታየሁ። አቶ ደሴን አላህ ይማረው፤ ጥያቄዬን ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ እኔ ግን አነሳዋለሁ። እናንተ ይህን በሽታ የያዛችሁ ወገኖቼ፣ ሱሪያችሁ ከሰፋ ብናኝ ነው አትበሉ። ነርሷ ስትጠይቃችሁ ለመልስ አትቸኩሉ፤ ትንሽ የመሰላችሁን፣ እናታችሁ ሌላ ስም የሰጠችውን ሳይቀር ንገሯት፤ ምን እንደሆነ እሷ ትለየው። ወዳጅ አታጡ፤ ባታዩትም ይሁን። ስትፈሩም እየፈራችሁ ሂዱ።

ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል። የማይመለስ የነርቭ ጉዳት ነው ብሎኛል ሐኪሙ፣ አምኛለሁ። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ማኪናዬ ላይ ከመቀመጤ በፊት ለመሪጌታ ያቺኑ እጽፋለሁ። «ጆሮዬ ጮኸ፣ አነሱኝ?»

መልሳቸው «እየፈሩ ይሂዱ» ካሉኝ እሑድ ወዲህ አንድ ነው፤ ተለውጦ አያውቅም።

«አነሳሁዎ። ለሐኪም ነግረዋል?»